ኮምፓይለርን በኮምፒውተር ላይ መጫንና ማዋቀር

ኮምፓይለር በፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈን ምንጭ ኮድ ማሽኑ ሊፈጽመው ወደሚችል ትእዛዝ የሚተረጉም ሶፍትዌር ነው። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሥራውን ብቻውን አይጨርስም፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፋይል ፕሮግራም እስኪሆን ድረስ ኮዱን አስቀድሞ በሚያዘጋጀው ፕሪፕሮሰሰር፣ በኮምፓይለሩ፣ ውጤቱን ወደ ማሽን ኮድ በሚቀይረው አሰምብለርና ክፍሎቹን አገናኝቶ አንድ ፕሮግራም በሚያደርገው ሊንከር ያልፋል። ስለዚህ ኮምፓይለር መጫን ማለት እነዚህን መሣሪያዎች ከሄደር ፋይሎች (ኮዱ የሚጠቀምባቸውን ተግባራት ለኮምፓይለሩ ከሚያስተዋውቁ ፋይሎች) እና ከላይብረሪዎች (አስቀድመው ከተዘጋጁ የኮድ ስብስቦች) ጋር ማስገባት፣ ማዋቀር ማለት ደግሞ እርስ በርስ እንዲገናኙ ማድረግ ነው።

ለሲና ለሲ ፕላስ ፕላስ በስፋት ከሚያገለግሉት መካከል ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ጂሲሲ እና ኤልኤልቪኤም በተባለው የኮምፓይለር መሥሪያ ስብስብ ላይ የተመሠረተው ክላንግ ይገኙበታል። በኡቡንቱ ቢልድ ኢሴንሻል የተባለው ጥቅል ጂሲሲንና የግንባታውን ሥራ የሚመራውን ሜክን ባንዴ ስለሚያመጣ ጭነቱ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። በማክ ኤክስኮድ ከተባለው የአፕል የፕሮግራም መሥሪያ የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎቹ ይጫናሉ፤ እዚያ ጂሲሲ ብሎ የጠራ ሰው የሚያገኘው ክላንግን ነው። በዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት ቢልድ ቱልስና ኤምሲስ2 በተባለው የመሣሪያዎች ስብስብ በኩል ከሚገኘው ሚንጂደብሊው (ጂሲሲ ለዊንዶውስ የተዘጋጀበት) አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል፤ በሁለቱ የተዘጋጁ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪዎች በአብዛኛው ስለማይጣጣሙ ምርጫው በጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል። ኮድ መጻፊያ ኤዲተር መጫን ኮምፓይለር መጫን እንዳልሆነም ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።

ከመጫኑ ይልቅ የሚያስቸግረው ማዋቀሩ ሲሆን፣ የችግሩም ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ፓዝ የተባለው የስርዓቱ ተለዋዋጭ ነው። ተጠቃሚው በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የኮምፓይለሩን ስም ሲጽፍ፣ ስርዓቱ በፓዝ የተዘረዘሩትን ፎልደሮች በቅደም ተከተል እየፈተሸ ያንን ስም የያዘውንና መጀመሪያ ያገኘውን ፕሮግራም ያስነሣል። የኮምፓይለሩ ፕሮግራም የሚገኝበት ቢን የተባለው ፎልደር በዝርዝሩ ከሌለ ትእዛዙ አይታወቅም፤ ሁለት ቅጂዎች ካሉ ደግሞ ፎልደሩ ቀድሞ የተጻፈው ይነሣል፤ አዲስ ቅጂ ጭኖ ሳለ አሮጌው የሚመልስለት ሰው ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ ፎልደሮቹን በሴሚኮለን፣ ሊኑክስና ማክ ደግሞ በኮለን ይለያሉ። ለውጡን አስቀድሞ የተከፈተ ተርሚናል ስለማያየው መስኮቱን ዘግቶ እንደገና መክፈት ያስፈልጋል፤ ይህች ትንሽ ነገር ተዘንግታ ስንቱ ኮምፓይለር በከንቱ ተነቅሎ እንደገና ተጭኗል።

የኮምፓይለሩን ቅጂ ቁጥር መጠየቅ መገኘቱን ብቻ ያረጋግጣል፤ የተሟላ ፈተና የሚሆነው አጭር ፕሮግራም ተርጉሞ ማስኬድ ነው። ሄደር ፋይል አልተገኘም የሚል ስሕተት ከመጣ ለኮምፓይለሩ የሄደሮቹን ፎልደር ማመልከት ይገባል። ፍቺው ያልተገኘ ስም ወይም ያልተገኘ ላይብረሪ እንዳለ የሚናገረው ግን ሊንከሩ ነው፤ በዚህ ጊዜ የላይብረሪውን ስምና ፎልደር ከማስተካከል ባሻገር፣ ላይብረሪውና ፕሮግራሙ ሁለቱም ባለ 32 ወይም ሁለቱም ባለ 64 ቢት መሆናቸው ይታያል።