ማረጥ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የትዳር መካሪ «ሚስትህ 47 ዓመት ከሞላት ማረጥ ላይ ናት፤ ታገሣት» ሲል ሰማሁት። መታገሡስ ደግ ነው፤ ይታገሣት። «ማረጥ ላይ» የሚባል ቦታ ግን የለም።

ማረጥ የመጨረሻዋ የወር አበባ ናት። እሷም የምትታወቀው ካለፈች በኋላ ነው፤ ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወር ሙሉ ደም ሳይታይ ሲቀር «ለካ ያቺ የመጨረሻዬ ነበረች» ይባላል። በብዙ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ትውላለች። መካሪው የሚያወራው ከዚያ በፊት ስላለው ሽግግር ነው፤ ወሩ አንዴ እየቀደመ አንዴ እየዘገየ፣ ወላፈኑ (ድንገት ሰውነትን የሚያነደው ሙቀት) ሌሊት ብርድ ልብስ እያስወረወረ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

የክረምቱን መውጣት አስቡት። አደይ ፈንድቷል፣ ሰማዩ ሦስት ቀን ጠርቷል፤ ዝናቡ አበቃ ብላችሁ በርበሬውን ስታሰጡት በአራተኛው ቀን ያበሰብሰዋል። የትኛው ዝናብ የመጨረሻው እንደነበር የሚታወቀው ወደ ኅዳር ገደማ ዞር ብሎ ሲታይ ነው። (ክረምት በዓመቱ ይመለሳል፣ ይሄኛው አይመለስም፤ ምሳሌዬ እዚያ ላይ ያነክሳል።)

በርበሬዋ የበሰበሰባት አንዲት የ46 ዓመት እናት ክፍሌ መጥታ «አርጫለሁ ዶክተር፤ አምስት ወሬ ነው» አለችኝ። ቀደም ሲል ሁለት ወር ዘልሏት ስለነበር እሷና ባለቤቷ መጠንቀቁን ትተዋል። አልትራሳውንዱን ሆዷ ላይ ሳሳርፍ፣ ያረጠችበት ምክንያት ስክሪኑ ላይ ልቡ ይመታ ነበር።

«ሐኪሞች ቃል ታጠብቃላችሁ» ይሉናል። ቃሉ ሲላላ እኮ ነው የሚረገዘው! ከ50 ዓመት በታች ያለች ሴት ከመጨረሻ ወሯ በኋላ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በላይ ያለች ደግሞ አንድ ዓመት መከላከያ እንድትቀጥል የምንመክረው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ደም እንደ ጉድ ሲፈሳት «የማረጥ ነው» ተብላ ቤቷ የተቀመጠች፣ ተደግፋ የምትመጣ ሴትም አይቻለሁ። ድካሙ ከደም ማነስ ወይም ከእንቅርት ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜዋ ስለተነገረ ብቻ ምርመራው አይቀርም።

የላብራቶሪ ወረቀት ይዘው «ኤፍኤስኤች ከፍ ብሏል፣ አርጫለሁ ማለት ነው?» የሚሉም አሉ። ኤፍኤስኤች እንቁላል እንዲያድግ የሚያዝ ሆርሞን ነው፤ በሽግግሩ ወቅት ዛሬ ከፍ፣ በሚቀጥለው ወር ዝቅ ይላል። ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ምርመራው አያስፈልግም፤ ገንዘባችሁን ያዙት። ወሯ ከ40 በፊት የቆመባት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ቶሎ ትታይ።

የ12 ወሩ ቆጠራ ለሁሉም እንደማይሠራም ልጨምር። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ፣ ክንዷ ላይ የተቀበረላት፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ ያላት ሴት ወሯ በመከላከያው ምክንያት ሊቆም ይችላል። ማህፀኗ የወጣላት ደግሞ የምትቆጥረው የላትም፤ ወላፈኑ ግን አይቀርላትም።

ቆጠራው ሞልቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደም አይተው «ልጅነቴ ተመለሰ» ብለው እየሳቁ የሚነግሩኝ አሉ። እኔ አልስቅም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ መሳሳት ወይም እዚያ የበቀለ ትንሽ ሥጋ። የማህፀን ካንሰር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ግን ከክፍሌ አላሰናብታቸውም፤ ጠብታም ብትሆን።