ሮል ኬጅ ከቦዲው ጋር ይታሰር ወይስ ከሻሲው?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድም ሆነ በጮቄ ተራራ ጭቃማ ዳገቶች ላይ የሚነዱ ሰዎች ሮል ኬጅ (መኪናው ሲገለበጥ ውስጥ ያሉትን ሰዎች የሚከላከል የብረት ቱቦ ማዕቀፍ) ለማስገጠም ሲያስቡ፣ ይበልጥ የሚያደናግራቸው የቱቦው ውፍረት ሳይሆን እግሮቹ የት ይታሰሩ የሚለው ጥያቄ ነው።

እንደ ላንድክሩዘር 70 ባሉ መኪናዎች ቦዲው ከሻሲው (ከሥር ካለው የመኪናው የብረት አጽም) ጋር የሚያያዘው በጎሚኒ (በጎማ ትራስ) በመሆኑ፣ ሁለቱ በወጣ ገባ መንገድ ላይ በመጠኑም ቢሆን ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ከፊሉ እግር ከቦዲው፣ ከፊሉ ደግሞ በቀጥታ ከሻሲው ጋር ከተበየደ፣ እንቅስቃሴው ሁሉ በብየዳው ላይ ያርፍና ውሎ አድሮ ላሜራው ይሰነጠቃል። ኬጁን በሙሉ ከቦዲው ጋር ማሰር ቀላል ነው፤ ድክመቱ መኪናው ሲገለበጥ እግሩ ስሱን ወለል ሊበሳው መቻሉ ነው። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ የኬጁ ዋና ቅስት (ከፊት ወንበሮች ጀርባ የሚቆመው) ለሚያርፍበት ቦታ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የብረት ማጠናከሪያ፣ ለእያንዳንዱ እግርም ቢያንስ 3 ብሎን የሚጠይቀው ለዚሁ ነው።

ሻሲው ላይ ማሰር ይበልጥ ጠንካራ ቢሆንም፣ ቱቦው ወለሉን ሳይነካ ማለፍ ይኖርበታል፤ ወንበሩና ቀበቶውም ከኬጁ ጋር ካልታሰሩ በአደጋ ጊዜ ሰውየውና መከላከያው በየፊናቸው ይሄዳሉ። በየዕለቱ ለሚነዳ መኪና የምመርጠው ከቦዲው ጋር ታስሮ፣ ከወለሉ ሥር በጎሚኒ በኩል ከሻሲው የሚደገፈውን ነው። ራስ ሊያገኘው የሚችል ቱቦ ሁሉ ግን በስፖንጅ መሸፈን አለበት።