ላይሂፕ ምንድን ነው?

አገር ቤት የካርድ ቆጣሪ የለመደ ሰው ከፍሎ ነው የሚያበራው፤ ካርዱ ሲያልቅ ቤቱ ይጨልማል፣ ዕዳ የሚባል ነገር የለም። አሜሪካ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በጃንዋሪ ብርድ ሂተሩን ሌሊቱን ሙሉ ሲያነድ ያድርና ፌብሩዋሪ ላይ ቢሉን የያዘው ፖስታ ይመጣል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አሮጌ አፓርታማ ከሆነማ፣ ያን ፖስታ ሳይከፍቱ ጠረጴዛ ላይ የሚያቆዩ ሰዎች አሉ።

ላይሂፕ ለዚህ ፖስታ የተበጀ ድጋፍ ነው። ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል (LIHEAP) ሲሆን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች የሚሰጥ የቤት ኢነርጂ ድጋፍ ማለት ነው። ኮንግረስ ሕጉን ያወጣው በ1981 ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት ለየስቴቱ ይከፋፈላል፤ ስቴቶቹም በየራሳቸው ስም ያድሉታል። ሚኒሶታ ያለ ሰው ‹ኢነርጂ አሲስታንስ› ሲል፣ ሜሪላንድ ያለው ደግሞ ድጋፉን በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስም ‹ኦሄፕ› ሲል ብትሰሙ፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚሁ ገንዘብ ነው።

ብድር አይደለም፣ አይመለስም። አብዛኛውን ጊዜ በአመልካቹ እጅም አያልፍም፤ በቀጥታ ለመብራት ወይም ለጋዝ ኩባንያው ይከፈልና ከቢሉ ላይ ይቀነሳል። ‹እርዳታ መለመን› እየመሰለው የሚያፍር ሰው ስለማይጠፋ አንድ ነገር ላስታውስ፦ ኢትዮጵያ ውስጥም በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤት ከሌላው ያነሰ ዋጋ ሲከፍል ኖሯል። ያም ድጎማ ነበር፤ ታሪፉ ውስጥ ተደብቆ ስለሚመጣ ግን ማንም ማመልከቻ አልጻፈበትም፣ ማንም አላፈረበትም። እዚህ መጠየቅን ይፈልጋል፣ ያውም በየዓመቱ።

ማን ያገኛል ለሚለው፣ የፌዴራል ሕጉ የገቢ ጣሪያ ያበጃል፦ የፌዴራል መንግሥቱ ከሚያወጣው የድህነት መስመር 150 በመቶ ወይም ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ፣ ከሁለቱ ከፍ ያለው። ስቴቶች ከዚያ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፤ ከድህነት መስመሩ 110 በመቶ በታች ግን መውረድ አይፈቀድላቸውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገቢውን ሲቆጥር ነው። በአብዛኛው የሚታየው ግብር ከመቆረጡ በፊት ያለው ደመወዝ እንጂ ባንክ የገባው አይደለም። ‹ቤተሰብ› የሚለው ቃልም ከእኛ አነጋገር ይለያል። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ኢነርጂውን በጋራ የሚገዙ ሰዎች በሕጉ ዓይን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ አብሯችሁ እየኖረ የመብራቱን የሚያዋጣው የአጎት ልጅም፣ ከነደመወዙ፣ ቅጹ ላይ ሊገባ ይችላል። ቤት መከራየት ከድጋፉ አያስወጣም፤ ሕጉ ተከራይና ባለቤት በእኩል ዓይን እንዲታዩ ያዛል። የመኖሪያ ፈቃድን በተመለከተ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ስደተኛ ሆነው የገቡና ጥገኝነት የተሰጣቸው ማመልከት ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ላይሂፕ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ የሚዳረስ አይደለም፤ የተመደበው ገንዘብ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። የእኛ ሰው ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ‹ሊቆረጥ ነው› የሚል ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አዲሱ ዙር የሚጀምረው ጁላይ 1፣ ሰው ሁሉ ስለ ሙቀት እያማረረ ስለ ሂተር በማያስብበት ወር ነው። ለማመልከት ጥሩው ጊዜም ያ ነው። መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፣ የኪራይ ውልና የመጨረሻው ቢል አብዛኛውን ጊዜ ይጠየቃሉ።

ዘግይቶ ማስጠንቀቂያው ለደረሰው ሰው ‹ክራይሲስ› የሚባል የአስቸኳይ ድጋፍ ክፍል አለ። መስፈርቱን ያሟላ ቤተሰብ ካመለከተ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ሁኔታው ሕይወትን የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ በ18 ሰዓት ውስጥ መፍትሔ እንዲያገኝ ሕጉ ያዛል። በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህ ገና ሲደወል፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት። በነገራችን ላይ፣ ሂተሩ ሲጠፋ የጋዝ ምድጃ አብርቶ ቤት ማሞቅ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሊገድል ይችላል።

ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስልኩ ሲነሳ ‹አማርኛ› ማለት ይበቃል፤ ለማስተርጎም ተብሎ ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም።