ስለ ቫን ጎግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኔዘርላንዳዊው ሰዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ (1853–1890) ስሜቱን በቀለም በማውጣት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ስለ እሱ የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ልፋቱን ይሸፍንበታል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሳይማር፣ በተሰጥኦ ብቻ ሣለ»

ራሱን በራሱ ማስተማሩ እውነት ነው፤ ሳይማር ሣለ ማለት ግን ስህተት ነው። ሥዕልን ሥራዬ ብሎ የያዘው በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ቀለም አልነካም። ቤልጅየም ውስጥ፣ የማዕድን ሠራተኞች መንደር ተቀምጦ፣ ሻርል ባርግ ለጀማሪዎች ያዘጋጀውን 60 ገጽ የንድፍ መልመጃ እያየ ይገለብጥ ነበር።

የቅርብና የሩቁን መጠን መጠበቅ ሲያስቸግረው ደግሞ በ1882 ዘ ሄግ ከተማ አንድ መሣሪያ አሠራ። ሁለት ረጃጅም እግሮች ያሉት የእንጨት ክፈፍ ሲሆን፣ መሃሉ ላይ በቁም፣ በአግድምና በሰያፍ ክር ተወጥሮበታል። የእግሮቹ ጫፍ ሹል ብረት ስለሆነ አሸዋ ላይም ይተከላል። በክፈፉ አሻግሮ እያየ የጣሪያው ጠርዝ ክሩን የት ላይ እንደሚያቋርጥ ይለያል፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ባሰመራቸው ተመሳሳይ መስመሮች ላይ ያሰፍረዋል። ዓይን ከቦታው ትንሽ ከተነቃነቀ ሁሉም መስመር ስለሚዛባ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል።

አስተማሪም ነበረው፦ ሰዓሊው አንቶን ሞቭ በ1881 መጨረሻ የቀለም አያያዝ አሳየው፤ በ1886 ደግሞ አንትወርፕ የሥነ ጥበብ አካዳሚና ፓሪስ ውስጥ የሰዓሊው ኮርሞን ስቱዲዮ ለአጭር ጊዜ ገብቷል።

«የመጣለትን ሳያስብ ሸራው ላይ ያፈሰው ነበር»

ፈጣን ነበር፤ ፍጥነቱ ግን ከዝግጅት የመጣ ነው። በ1885 «ድንች በላተኞቹን» ከመሣሉ በፊት የቅዝቃዜውን ወራት ሙሉ የገበሬዎችን ፊት ሲሥል ከርሟል። የቀለም ቅንጅትን የሚሞክርበት የሱፍ ክር ድውርም ነበረው፦ ሁለትና ሦስት ቀለም ያላቸውን ክሮች አብሮ ጠቅልሎ፣ ቢጫው ከሐምራዊው አጠገብ ሲሆን እንዴት እንደሚደምቅ ያያል።

«ሥዕሎቹ የእብደት ውጤት ናቸው»

ይህ አባባል ሰውየውንም ሥራውንም ይበድላል። ሕመሙ ሲነሣበት ብዙውን ጊዜ መሣል አይችልም ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ሳን ሬሚ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ የገባው በግንቦት 1889 ነው፤ «ከዋክብታማው ሌሊት» የተሣለው በሰኔ፣ ረጋ ባለበት ጊዜ ነው። በሐምሌ ሕመሙ ሲነሣበት ሥራው ለሳምንታት ተቋረጠ።

«በሕይወቱ የሸጠው አንድ ሥዕል ብቻ ነው»

«ቀዩ የወይን እርሻ» በ1890 ብራስልስ ላይ በ400 ፍራንክ ለሰዓሊዋ አና ቦክ መሸጡ በደንብ ይታወቃል። ከዚያ በፊት ግን በ1882 አጎቱ 12 የብዕር ሥዕሎችን ከፍሎ አሠርቶታል።

«ዛሬ የምናየው ቀለም እሱ የቀባው ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። «መኝታ ቤቱ» የተባለው ሥዕል ግድግዳ ዛሬ ሰማያዊ ነው፤ ቫን ጎግ በደብዳቤው የጻፈው ግን ፈዛዛ ሐምራዊ ብሎ ነው። ሐምራዊው የተገኘው ቀይና ሰማያዊ ተደባልቆ ነበር፤ ቀዩ ብርሃን የማይችል ዓይነት ስለሆነ ከጊዜ ብዛት ለቅቆ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። ክሮም የሚባለው ቢጫም ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቡናማ ያደላል። ወፍራሙ ቅብም ተጎድቷል፦ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ስለሚሆን፣ ሸራዎቹ ቶሎ ሲጠቀለሉ ወይም ሲደራረቡ ከፍ ከፍ ያሉት የብሩሽ ምቶች ተጨፍልቀዋል።