የምህንድስና ኮርሶችን ማቀድ፦ ከመመረቂያው ወደ ኋላ

የሰባት ሴሚስተር ትምህርት ጨርሶ፣ የቀረችው አንዲት ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ሆና፣ ለእሷ ሲል አንድ ዓመት የሚጠብቅ የምህንድስና ተማሪ አለ። ብዙውን ጊዜ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ወደ ኋላ ያስቀረው ኮርሶቹን የወሰደበት ቅደም ተከተል ነው።

የኮርስ ዕቅድ ማለት ለዲግሪው የሚያስፈልጉትን ኮርሶች በየሴሚስተሩ አስቀድሞ መደልደል ነው። በየትኛውም የትምህርት መስክ ያስፈልጋል። ምህንድስና ላይ ግን ጠበቅ ይላል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ኮርስ በሌላ ኮርስ ላይ የቆመ ነው። ታሪክ የሚማር ሰው አንዱን ዘመን ከሌላው አስቀድሞ ቢያነብ ብዙም አይጎዳም። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን የተባለውን የሒሳብ ኮርስ ያልወሰደ ሰው ግን ኮንትሮል ሲስተም የተባለው የምህንድስና ኮርስ ክፍል ገብቶ ቢቀመጥ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ነገር አይገባውም።

የዲግሪው ይዘት ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። መጀመሪያ ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ ይመጣል፣ ከዚያ የምህንድስና ሳይንስ፣ ከዚያ ዲዛይን፣ በመጨረሻ የመመረቂያ ፕሮጀክት። በመሃል የቋንቋና የማኅበራዊ ሳይንስ ኮርሶች ይገባሉ። ኤቤት የተባለው የአሜሪካ ዕውቅና ሰጪ ድርጅት አንድ የምህንድስና ዲግሪ ቢያንስ 30 የሴሚስተር ክሬዲት ሒሳብና ሳይንስ፣ ቢያንስ 45 ክሬዲት ደግሞ የምህንድስና ትምህርት እንዲይዝ ይጠይቃል። መዝጊያው ላይ ትልቅ የዲዛይን ሥራ መኖር አለበት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የስድስት አገሮች ዕውቅና ሰጪ ድርጅቶች የዋሽንግተን ስምምነትን ፈርመዋል። በዚህ ስምምነት የአንዱ አባል አገር ዕውቅና ያለው የምህንድስና ዲግሪ በሌላውም ዘንድ ተቀባይነት ያገኛል። የኮርሶቹ አደራደር ከአገር አገር የሚመሳሰለው በከፊል እንዲህ ባሉ ስምምነቶች የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ፕሪሪኩዚት። አንድን ኮርስ ለመውሰድ አስቀድሞ ማለፍ ያለባችሁ ኮርስ ነው። ጎን ለጎን የሚወሰዱም አሉ፤ ለምሳሌ የሰርኪዩት ላብ (የላብራቶሪ ኮርስ) ከሰርኪዩት ኮርሱ ጋር በአንድ ሴሚስተር ይሄዳል። የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪን እንውሰድ። ካልኩለስ 1 ካልኩለስ 2ን ይከፍታል። ካልኩለስ 2 ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንን፣ እሱ ሲግናልና ሲስተምን፣ ሲግናልና ሲስተም ደግሞ ኮንትሮል ሲስተምን ይከፍታል። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ሴሚስተር ይወስዳል እንበል። ሲቆጠር ሰባት ደረጃ ነው። ያለው ጊዜ ስምንት ሴሚስተር ነው። ትርፉ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው ማለት ነው።

ተማሪው ካልኩለስ 2 ላይ ኤፍ አገኘ እንበል። ኮርሱ በየሴሚስተሩ የሚሰጥ ከሆነ ትርፏ አንድ ሴሚስተር ትሸፍነዋለች። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሁለት ሴሚስተር ይገፋል፤ ምረቃውም አብሮ ይገፋል። በዚያው ሴሚስተር አንድ ኢለክቲቭ፣ ማለትም ራሱ የመረጠው ኮርስ፣ ወድቆ ቢሆን ኖሮ በሌላ ይተካው ነበር። ሁለቱም ኮርሶች ባለ ሦስት ክሬዲት ናቸው። ክሬዲት የኮርሱን ክብደት ይነግራል፤ ሰንሰለቱ ውስጥ ያለውን ቦታ ግን አይነግርም።

ስለዚህ ጥሩ ዕቅድ የሚነሳው ከመጨረሻው ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ምን ይጠይቃል? ያ የሚጠይቀውስ ምን ይጠይቃል? እንዲህ እያሉ ወደ መጀመሪያው ሴሚስተር መመለስ ነው። ትልቅ ወረቀት ላይ ኮርሶቹን በሳጥን ጽፎ በቀስት ማያያዝ ይበቃል። ረጅሙ ሰንሰለት ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። በፕሮጀክት አስተዳደር ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዱፖንት ኩባንያ ለፋብሪካ ግንባታና ጥገና የተጠቀመበት። ከአንድ ሳጥን ብዙ ቀስት ከወጣ ያ ኮርስ አይነካም። ሴሚስተሩ ቢከብድ የሚጣለው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሎድ፣ ማለትም በአንድ ሴሚስተር የሚያዘው የትምህርት ጫና ነው። በአሜሪካ አሠራር አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ ይጠይቃል። 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ እንግዲህ የ45 ሰዓት ሥራ ይዟል። 18 ሲሆን 54 ይደርሳል። በአውሮፓ ዓመቱ 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይታሰብለታል። ላብ ላይ ግን የወረቀቱ ቁጥር ያታልላል። ባለ አንድ ክሬዲት ላብ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያቆማል። ከዚያ ሪፖርቱ አለ። ዳታውን ሠንጠረዥ ውስጥ ማስገባት፣ ግራፍ ማውጣት፣ የተለካው ከተሰላው ለምን እንደተለየ ማስረዳት። አንድ ምሽት ሙሉ ይሄዳል። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ላብ የደረደረ ተማሪ በወረቀት ቀላል ሎድ ይዟል፤ በተግባር ግን እንቅልፍ አያገኝም።

ከዚህ ሁሉ ጉዳት በጣም የሚያሳዝነኝ ከባድ ኮርሶችን ሁሉ አንድ ሴሚስተር ላይ የሚያጉር ተማሪ ነው። «ቶሎ ልገላገለው» ይላል። ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉይድ ሜካኒክስና ዳይናሚክስ አንድ ላይ ሲመጡ ፈተናዎቹም በአንድ ሳምንት ይመጣሉ። ከእነሱ መካከል አንድ ቀለል ያለ ኮርስ ማስገባት ስንፍና አይደለም። ለከባዶቹ ጊዜ ይተዋል፤ አማካይ ነጥብ ላይ ይበልጥ የሚመዝነውም ብዙ ክሬዲት ያለው ኮርስ ነው። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ፣ ባለ 1 ክሬዲት ላይ ኤ ያገኘ ተማሪ የሁለቱ አማካይ ነጥቡ 2.4 ነው። ትንሿ ኤ ትልቁን ሲ አታነሳውም።

ኢለክቲቭ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ይመስላል። ነገር ግን የራሱ ፕሪሪኩዚት ያለው ብዙ ነው። ሮቦቲክስ መማር የሚፈልግ ተማሪ ይህን በሦስተኛ ዓመት ቢያውቀው፣ ያልወሰደው የፕሮግራሚንግ ኮርስ በሩን ዘግቶበት ሊያገኘው ይችላል።

የክረምት ትምህርት ሰንሰለቱን ለመጠገን ይረዳል። ያው ይዘት ግን በስድስት ወይም በስምንት ሳምንት ስለሚታጨቅ አንድ ኮርስ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ሰዎች ደግሞ ከምዝገባው በፊት የሚጠይቁት ነገር አለ፤ ስመለስ የምፈልገው ኮርስ ይሰጣል ወይ? ትምህርትና ሥራን ማፈራረቅ በአሜሪካው ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1906 ተጀምሮ በብዙ ቦታ ተለምዷል። እንዲህ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ኮርሶች በዓመት ሁለቴ ካልተሰጡ ሥራ ወጥቶ የተመለሰ ተማሪ መንገድ ላይ ይቀራል።

አማካሪው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ፣ የትኛው ሊቀር እንደታሰበ ያውቃል። ካሪኩለም ሲቀየርም ብዙ ጊዜ ተማሪው የሚተዳደረው በገባበት ዓመት ደንብ ስለሆነ፣ ያንን ሰነድ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ከዲፓርትመንቱ የሚወጣው የአራት ዓመት ሠንጠረዥ ምንም ለማይወድቅ፣ ምንም ለማይታመም ተማሪ የተሠራ ነው።

ዕቅዱ የሚታደሰው ውጤት በወጣ ማግስት ነው። የወደቀው ኮርስ ሳጥን ላይ ጣትን አኑሮ ቀስቶቹን መከተል፤ የደረሱበትን ሁሉ በእርሳስ ማክበብ። ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ወረቀቱን ይዞ አማካሪው ቢሮ መሄድ ነው።