«ቶሎ» ማለት ቆሎ ነው

ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ቡና ሲፈላ አያቱ ጭን ላይ ይቀመጥና «ቶሎ! ቶሎ!» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ያጣደፈን መስሎን ነበር። ለካ ቆሎ እየጠየቀ ነው። እዚህ ጎንደር ቡና ላይ ጎረቤት ሲሰበሰብ ስለ ልጅ አፍ የማይባል ነገር የለም። ከምሰማው ውስጥ ልክ ያልሆነውን ላንሣ።

«በደንብ ስለማይሰማ ነው የሚኮላተፈው»

እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ ቀን አባቱ ቆሎውን ይዞ «ቶሎ ልስጥህ?» አለው። ልጁ ተናደደ። «አይደለም! ቶሎ!» አባቱ «ቆሎ?» ሲለው ነው ፊቱ የበራው። ልዩነቱን አሳምሮ ይሰማል፤ ያልደረሰለት ምላሱ ነው። «ቀ» የሚወጣው ከላንቃ ኋላ ነው፣ ያውም ታፍኖ ፈንድቶ። «ተ» ከጥርስ ጀርባ በቀላሉ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት የኋላውን ድምፅ ወደ ፊት ያመጡታል። በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት በኩል ስናልፍ የኛው «ቲምተት!» ብሎ ይጮኻል። «ረ» ደግሞ ዘግይተው ከሚመጡት ናት፤ ከረሜላ እስካሁን «ተየሜላ» ነው።

«እንደሱ እየተኮላተፍን ብናወራው ይቀለዋል»

ድምፅን ቀጠን፣ ቃልን ጎተት አድርጎ ማውራት ይጠቅማል፤ የሕፃን ጆሮ ይስባል። ስህተቱን መልሶ ለሱ ማሰማት ግን ሌላ ነው። «ተየሜላ» ሲለኝ «ከረሜላ አማረህ? ከረሜላ ከምሳ በኋላ» እለዋለሁ። ድገም ብዬ አላስጨንቀውም።

«ዝም ብሎ ነው የሚቀባጥረው»

ይሄኛው ያናድደኛል። ልጄ «አባዬ ምጣ!» ይላል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ግን አስቡት፤ ቤታችን ውስጥ «ምጣ» የሚል ሰው የለም። ሁላችንም «ና» ነው የምንለው። ከየት አመጣው? «በላ» ብሎ «ብላ»፣ «ሰማ» ብሎ «ስማ» ካለ «መጣ» ብሎ «ምጣ» ማለቱ ነው። ሕጉን ማንም ሳያስተምረው አገኘው። ከሕጉ ያፈነገጠው «ና» ነው እንጂ እሱ አይደለም። አያቱን ወንዱን «ነይ» የሚላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤቶች ሲያቆላምጡት «አንቺ» ይሉታል፤ እሱም የፍቅር አጠራር ነው ብሎ ይዞታል።

«ስልክ ላይ ያለ የልጆች ቪዲዮ አፉን ይፈታዋል»

ስልክ ጥያቄ ቢጠይቅም መልሱን አይሰማም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው መመሪያ ዓመት ለሞላው ልጅ ጭራሽ አይመክርም፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። ከፒያሳ እስከ ቤት በባጃጅ ስንመለስ ያየውን ሁሉ እየጠራ የምናወራው ይበልጥበታል።

«ምላሱ ታስሮ ነው፣ ይቆረጥለት»

ምላሱ በእርግጥ የታሰረ ልጅ አለ፤ ያን የሚያየው ሐኪም ነው። መኮላተፍ ብቻውን ምልክቱ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥማ አፍ አይፈታም፤ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል።

«ወንድ ልጅ ነው፣ ይዘገያል»

በአማካይ ወንዶች ትንሽ ይዘገያሉ፤ ትንሽ ብቻ። ሁለት ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ፣ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ፣ «አባቱም እንዲህ ነበር» ተብሎ አይቀመጥም። ሦስት ዓመት ሲሞላውም እንግዳ ሰው አብዛኛውን ንግግሩን ሊረዳው ይገባል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ጆሮው እንዲመረመር ጠይቁ። መሃል ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ሕመም ላይሰማው፣ ላያለቅስም ይችላል።