ፎስፎሪሌሽን ምንድን ነው? የነርቭ ሴል የካልሲየም በሮችንስ እንዴት ያሰባስባል?

ስለ ፎስፎሪሌሽን ብዙውን ጊዜ የሚነገረን አንድ ነገር ነው። ፕሮቲን ላይ ፎስፌት (ከፎስፈረስና ከኦክሲጅን የተሠራ ትንሽ የኬሚካል ቡድን) ሲታሰር ፕሮቲኑ ሥራ ይጀምራል፤ ሲነሳለት ያቆማል፤ አንዳንዴም በተቃራኒው ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። በነርቭ ሴል ውስጥ ፎስፌት ፕሮቲኑ የት እንደሚቆምና ከማን ጋር እንደሚሰባሰብም ይወስናል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄኛው ሥራው ነው።

ሂደቱ ራሱ ቀላል ነው። ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች የሴሉን ጉልበት ከሚሸከመው ሞለኪውል ከኤቲፒ አንድ ፎስፌት ይወስዱና ፕሮቲኑ ላይ ያስሩታል። የሚታሰረው በአብዛኛው ሴሪን፣ ትሪዮኒን ወይም ታይሮሲን በሚባሉ አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። ፎስፋቴዝ የሚባሉት ደግሞ መልሰው ያነሱታል። ፎስፌት ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ስለሚመጣ የፕሮቲኑን ቅርጽ ሊቀይር፣ ከጎረቤቱ ጋር ሊያጣብቀው ወይም ሊያላቅቀው ይችላል። ኤድዊን ክሬብስና ኤድመንድ ፊሸር ይህን በ1950ዎቹ በጡንቻ ኢንዛይም ላይ አሳይተው እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

አሁን ወደ ካልሲየም ቻናሎች እንምጣ፤ እነዚህ በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ፣ ካልሲየም የሚያሳልፉ የፕሮቲን በሮች ናቸው። ከነርቭ ሴል ውጭ ያለው የካልሲየም መጠን ከውስጡ 10,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ቻናሉ ሲከፈት ካልሲየም ወደ ውስጥ ይንደረደራል፤ ግን ሩቅ አይሄድም። ደረቅ መሬት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ወዲያው ይመጠጣል፤ የሚመጥጡት በሴሉ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ስለዚህ የካልሲየሙ መጠን በጣም ከፍ የሚለው ከቻናሉ አፍ በጥቂት አስር ናኖሜትሮች ርቀት ላይ ብቻ ነው። በአክሶኑ (መልእክት በሚያደርሰው ረጅም የሴሉ ክር) ጫፍ ላይ መልእክት የያዘው ከረጢት እዚያው አጠገብ ከሌለ፣ ቻናሉ በደንብ ቢከፈትም መልእክቱ በሰዓቱ አይለቀቅም።

ቻናሎቹ ደግሞ ተቸንክረው አልተቀመጡም። በሴሉ ሽፋን ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የሚይዟቸው ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው። ኤን ዓይነት የሚባለውን ቻናል እንመልከት። ወደ ሴሉ ውስጥ የሚገባ አንድ ረጅም ክፍል አለው፤ ይህ ክፍል ከረጢቱን ለመልቀቅ የሚሠሩትን ሲንታክሲንንና ስናፕ-25ን ይይዛል። በላብራቶሪ እንደታየው ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ወይም ካም ካይኔዝ 2 እዚህ ክፍል ላይ ፎስፌት ሲያስሩ መያያዙ ይላላል።

ወደ ሴሉ አካል ስንሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ፎስፌት የሚሠራው ማሰባሰብ ነው። ኬቪ2.1 የሚባል የፖታሲየም ቻናል አለ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉልህ ጉልህ ክምችቶች ይሠራል። በጭራው ላይ ያሉት ሴሪኖች ፎስፌት ሲታሰርላቸው፣ ቫፕ የሚባሉትን የኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (በሴሉ ውስጥ ካልሲየም የሚያከማች የሽፋን መረብ) ፕሮቲኖች አጥብቆ ይይዛል። እንዲህ ሆኖ የሴሉ ሽፋንና ይህ ውስጠኛ የካልሲየም ማከማቻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ኬቪ2.1 ኤል ዓይነት የካልሲየም ቻናሎችንም እዚያው ይሰበስባቸዋል። ከውጭ የገባው ካልሲየም ማከማቻው ደጃፍ ላይ ይደርሳል፤ ማከማቻውም በተራው ይለቃል። ይበልጥ የሚገርመው፣ ፖታሲየም ማሳለፍ እንዳይችል የተደረገ ኬቪ2.1 እንኳ ይህን የመሰብሰብ ሥራ ይሠራል። ስሙ የፖታሲየም ቻናል ቢሆንም ለካልሲየም ቻናሎቹ ቦታ ያዥ ነው።

ይህ ክምችት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊበተን ይችላል። የነርቭ ሴሎችን የሚያነቃቃው ኬሚካል ግሉታሜት ሲበዛ ወይም ለአንጎል የሚደርሰው ደም ሲቋረጥ፣ ወደ ሴሉ የሚገባው ካልሲየም ከልክ ያልፋል። ካልሲየሙ ካልሲኑሪን የተባለውን ፎስፋቴዝ ይቀሰቅሳል። ካልሲኑሪን ከኬቪ2.1 ላይ ፎስፌቱን ያነሳል፤ ክምችቱም ይፈርሳል። በዚያው ልክ ኬቪ2.1 በቀላሉ የሚከፈት ይሆናል፤ ይህም የሴሉን ከልክ ያለፈ መነቃቃት ያበርዳል። እዚህ ጋ ቆም ብለን እናስተውል። ካልሲየም ራሱ፣ የራሱን በሮች አንድ ላይ የያዘውን ማሰሪያ ያስፈታል። ሁኔታው ሲረጋጋ ደግሞ ካይኔዞች ፎስፌቱን ይመልሱታል፤ ክምችቱም እንደገና ይሠራል።

ካልሲኑሪን ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ታክሮሊመስ የሚያግደው ይህንኑ ኢንዛይም ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው የመከላከያ ሴሎችን ለማብረድ ነው፤ ካልሲኑሪን ግን በአንጎልም በብዛት አለ። መድኃኒቱን ከሚወስዱት መካከል እጃቸው የሚንቀጠቀጥ መኖራቸው በደንብ የታወቀ ነው።

የቻናልን ቦታ መቀየር በራሱ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ጋባፔንቲን ያሳያል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው ይህ መድኃኒት የካልሲየም ቻናልን አፍ አይደፍንም፤ ፎስፎሪሌሽንንም አይነካም። የሚይዘው አልፋ2ዴልታ የተባለውን የቻናሉን አጋዥ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሲያዝ ወደ አክሶኑ ጫፍ የሚደርሱት ቻናሎች ያንሳሉ፤ የሚለቀቀውም የሕመም መልእክት አብሮ ይቀንሳል።